ምንባቡ ያለውና ያላለው

 

በሐረር ልጁ ሐኪም እንዲሆንለት የማይመኝ ወላጅ ማግኘት ያስቸግራል። ምኞቱ መልካም ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ያለው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ ተማሪዎቹ የሚሠለጥኑበት የሕይወት ፋና ሆስፒታልም እንዲሁ። ነጭ ጋዋን የለበሱትን ወጣቶች ልጆቻችን በየቀኑ ያዩአቸዋል። ይሁን እንጂ ከጁገል በሮች እስከ ኮሌጁ በእግር የሚኬደው መንገድ አጭር ቢሆንም በፈተና በኩል የሚኬደው መንገድ ረጅም ነው። ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ብዙ ቤተሰብ ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው አንድ የፈተና ክፍል ነው።

የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከሒሳብ፣ ከፊዚክስ፣ ከኬሚስትሪ፣ ከባዮሎጂና ከእንግሊዝኛ ሌላ «አፕቲቲዩድ» የሚባል ፈተና ይጠብቀዋል። ይህ ፈተና ሁለት ገጽታ አለው። አንዱ በቁጥር፣ ሌላው በቃል ማሰብን ይመዝናል። የቃሉን ክፍል ተማሪዎች «ቨርባል» ይሉታል። ምንባብ ይሰጥና ከምንባቡ ምን ተነስቶ ምን ሊደመደም እንደሚችል ይጠየቃል። ሁለት ቃላት ይቀርቡና በመካከላቸው ያለውን ዝምድና የሚመስል ሌላ ጥንድ እንዲመረጥ ይታዘዛል። በቃል የሚያዝ ቀመር የለውም። መማሪያ መጽሐፉ ውስጥም «ምዕራፍ 3ን አጥና» ተብሎ የሚጠቆም ቦታ የለውም። ስለዚህ ብዙዎች «ይህ ዕድል ነው፤ አይጠናም» ብለው ይተዉታል።

ግን ዕድል ነውን? በጥር ወር 2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር የዚያን ዓመት ውጤት ሲያሳውቅ ከ100 ተፈታኞች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ነግሮናል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በዚያው ዓመት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ተፈታኞች ዘንድ ቁጥሩ ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። ያም ቢሆን ከ10 ልጆች 9ኙ ከግማሽ በታች ናቸው ማለት ነው። ነጥብ እንዲህ ውድ በሆነበት ጊዜ አንድን የፈተና ክፍል ለዕድል መተው የሚያዋጣ አይደለም። ደግሞም የንባብ ችሎታ በአፕቲቲዩድ ብቻ አይወሰንም። የእንግሊዝኛው ፈተና ምንባብ አለው። የባዮሎጂው ጥያቄ ራሱ ተነብቦ ካልተስተዋለ እውቀቱ ያለው ልጅም ይስተዋል።

ዩኒቨርሲቲ ከተገባ በኋላም ነገሩ አያበቃም። በአንደኛው ዓመት ሁሉም ተማሪ ከሚወስዳቸው የጋራ ትምህርቶች አንዱ «ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ» ይባላል። ክርክርን ከነማስረጃው መመርመር፣ ድምዳሜው ከመነሻው በእርግጥ የሚከተል መሆን አለመሆኑን መለየት የሚያስተምር ነው። ወደ ሕክምና የሚመደበው ተማሪ ሲመረጥ የዚህ ዓመት ውጤት ይታያል። ስለዚህ ሕክምና የሚፈልግ ልጅ ይህን ችሎታ ሁለት ጊዜ ይፈተናል ማለት ይቻላል።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም ከዚህ አያመልጡም። በካናዳ በቶሮንቶ ከተማና በአካባቢዋ ብዙ የሐረሪ ቤተሰቦች ይኖራሉ። የእነርሱ ልጆች ሐኪም ለመሆን ሲያስቡ ከሚጠብቃቸው ነገር አንዱ «ኤምካት» የተባለው የሕክምና ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና ነው። ይህ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ «ቨርባል ሪዝኒንግ» የሚባል ክፍል ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ፈተናው ሲታደስ ስሙ ተለውጦ ቀጠለ። ዛሬ በ90 ደቂቃ 9 ምንባቦችና 53 ጥያቄዎች ይቀርቡበታል። ምንባቦቹ ስለ ታሪክ፣ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ኪነ ጥበብ ናቸው እንጂ ስለ ሕክምና አይደሉም። በዚያው በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት አመልካቾችን ሲመርጥ ከኤምካት የሚመለከተው ይህንኑ የንባብ ክፍል ብቻ ነው። የኬሚስትሪውን ነጥብ ትቶ የንባቡን የሚጠይቅ የሕክምና ትምህርት ቤት መኖሩ ለብዙ ወላጅ ያስገርም ይሆናል። እኔንም አስገርሞኝ ነበር። ምክንያቱን ሳስበው ግን ነገሩ ወደ ራሳችን ዲንና ወደ ራሳችን የዒልም ባህል መለሰኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ለዚህ ፈተና ስትዘጋጅ ማታ ማታ አብሬያት እቀመጥ ነበር። ልጅቷ በባዮሎጂና በኬሚስትሪ የምትታማ አይደለችም። በቨርባሉ ግን ሞዴል ፈተና በሠራች ቁጥር ከግማሽ በላይ ትስታለች። እንግሊዝኛው ከብዷት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ምሽት እኔው በአማርኛ አንድ አጭር ምንባብ ጻፍኩላት። እናንተም እስቲ ሞክሩት።

«በአንድ መንደር ከሚኖሩት ገበሬዎች አብዛኞቹ ቡና ያመርታሉ። ቡና የሚያመርቱት የመንደሩ ገበሬዎች ሁሉ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባላት ናቸው።»

ከዚያም ሦስት አባባሎችን አስቀመጥኩላት። አንደኛ፦ ከመንደሩ ገበሬዎች አብዛኞቹ የማኅበሩ አባላት ናቸው። ሁለተኛ፦ ቡና የማያመርት የመንደሩ ገበሬ የማኅበሩ አባል አይደለም። ሦስተኛ፦ ለመንደሩ ገበሬዎች ከጫት ይልቅ ቡና ይጠቅማቸዋል። ለእያንዳንዱ «እውነት»፣ «ሐሰት» ወይም «ከምንባቡ አይታወቅም» ብላ እንድትመልስ ነገርኳት።

አንደኛውን እውነት አለች፤ ልክ ነበረች። ሁለተኛውንም እውነት አለች። ሦስተኛውን ሐሰት አለች፤ «በእኛ አገር ገንዘብ ያለው ጫት ላይ ነው፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ?» ስትል አስረዳችኝ። እንግሊዝኛ በሌለበትም ያው ስሕተት መጣ።

አባቴ ነደባው ላይ ተቀምጠው ያዳምጡን ነበር። በልጅነታቸው ከከቢሮች ዘንድ ኪታብ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እንግሊዝኛ ግን አያውቁም። ወረቀቱን አስነበቧትና «ልጄ፣ ወረቀቱ ያለው የቱ ነው? አንቺ የጨመርሽውስ?» አሏት። ልጅቷ እንደገና አነበበች። ምንባቡ ቡና የሚያመርቱት አባል መሆናቸውን ነገራት እንጂ የማያመርቱት አባል አለመሆናቸውን አልነገራትም። ጤፍ የሚዘራ ሰው አባል ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ስለ ጫትማ ምንባቡ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እርሷ የምታውቀው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ምንባቡ አላለውም። የሁለቱም መልስ «አይታወቅም» ነው።

አባቴም ፈገግ አሉና «ሁለተኛዋ ጥያቄ እኮ ዑለማኦች የተከራከሩባት ናት» አሉ። እውነታቸውን ነው። የኡሱሉል ፊቅህ ሊቃውንት የአንድን ቃል መልእክት ሲመረምሩ በግልጽ የተነገረውን «መንጡቅ»፣ ከተነገረው የሚወጣውን ደግሞ «መፍሁም» ብለው ይለያሉ። አንድ ነገር በአንድ ባሕርይ ተገልጾ ሕግ ከተሰጠበት፣ ያ ባሕርይ የሌለው ነገር ሕጉ አይነካውም ብሎ መረዳት «መፍሁም አል-ሙኻለፋ» ይባላል። የታወቀው ምሳሌ የበግ ዘካ ነው። ሐዲሡ ዘካ የሚወጣባቸውን በጎች ሲጠቅስ በግጦሽ የሚሰማሩትን ይጠቅሳል። በቤት መኖ እየተሰጣቸው የሚቀለቡትስ? የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት «ግጦሽ» ተብሎ መገለጹ የሚቀለቡት ነፃ መሆናቸውን ያመለክታል ይላሉ። የሐነፊይ መዝሀብ ሊቃውንት ደግሞ በሚቀለቡት በጎች ላይ ዘካ የለም በማለት ቢስማሙም፣ ይህን ከሌላ መረጃ እንጂ ሐዲሡ ዝም ካለው ነገር አይወስዱም። ዝምታ በራሱ መረጃ አይሆንም ባዮች ናቸው።

ውድ አንባቢ ሆይ! እስቲ ልብ በል። የእህቴ ልጅ የሳተችው ጥያቄ ታላላቅ ሊቃውንት መጻሕፍት የጻፉበት ጉዳይ ነው። መፍሁምን የሚቀበሉትም ቢሆኑ በደፈናው አይቀበሉትም፤ መስፈርት አበጅተውለታል። በፈተና አዳራሽ ግን ተፈታኙ መያዝ ያለበት ጥብቁን መንገድ ነው፤ ያልተነገረው ያልተነገረ ነው።

የቃላት ዝምድና ጥያቄውም ለዲናችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ቂያስ ማለት ምንድን ነው? ሕጉ የታወቀን ነገር ሕጉ ካልታወቀ ነገር ጋር በጋራ ምክንያት ማገናኘት ነው። ከወይን የሚጠመቀው ኸምር ሐራም የሆነበት ምክንያት ማስከሩ ከሆነ፣ የሚያሰክር ሌላ መጠጥም በዚሁ ምክንያት ሐራም ይሆናል። ያ ምክንያት «ዒላ» ይባላል። ዒላውን ትቶ በቀለም ወይም በሽታ የሚያመሳስል ሰው ቂያሱ ይበላሽበታል፤ የወይን ጭማቂ ከኸምር ጋር በቀለም ይመሳሰላልና ሐራም ነው ወደ ማለት ይደርሳል። በፈተናውም እንዲሁ ነው። «መርፌ ለልብስ ሰፊ» ቢባልና ተማሪው ከ«መዶሻ ለአናጢ» እና ከ«ክር ለጨርቅ» እንዲመርጥ ቢጠየቅ፣ ክርና ጨርቅ ከልብስ ስፌት ጋር ስለሚያያዙ ብቻ ወደዚያ የሚሄድ ብዙ ነው። ዝምድናው ግን «መሣሪያ ከባለሙያው» ነው፤ መልሱም መዶሻና አናጢ ነው።

የመንጢቅ ትምህርትም በኢስላማዊ ትምህርት ቤቶች ለወጣቶች የሚሰጥ ነበር። በብዙ አገሮች ተማሪዎች የሚሸመድዱት «አስ-ሱለም» የተባለው የመንጢቅ ግጥም በአልጄሪያው ሊቅ በአል-አኽደሪይ የተጻፈው በ941 ዓመተ ሂጅራ ነው። ደራሲው በዚያን ጊዜ የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ዕድሜው ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ከሚማሩት ልጆቻችን ጋር ይስተካከላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የአላህ (ሱ.ወ.) ቃል አለ። ወሬ ሲመጣ ከመቀበላችን በፊት እንድናጣራ በሱረቱል ሑጁራት ታዘናል። እውቀቱ የሌለንን ነገር እንዳንከተል፣ ጆሮም ዓይንም ልብም ተጠያቂ መሆናቸውን በሱረቱል ኢስራእ ተነግሮናል። ሰው ባላለው ነገር ላይ የራሳችንን ጨምረን «ብሏል» ማለት በዲናችን ቀላል ወንጀል አይደለም። የሐዲሥ ሊቃውንት አንድን ቃል ለማጣራት ከአገር አገር የተጓዙት ለምን ነበር? ያልተባለው ከተባለው ጋር እንዳይቀላቀል አይደለምን? እንግዲህ ምንባብን በአማና ማንበብ፣ ማለትም ያለውን አለመቀነስና ያላለውን አለመጨመር፣ ከባዕድ የመጣ የፈተና ዘዴ ሳይሆን ሙስሊም ልጅ ከቤቱ ይዞት ሊወጣ የሚገባው አደብ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ይህን ችሎታ ለምን ይፈልጉታል? ከአንድ ሐኪምና ከአንዲት እናት ምሳሌ እንነሳ። በረመዳን ወር ስኳር ያለባቸው አንዲት እናት ወደ ሐኪም መጡ እንበል። «መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» ሲላቸው «አዎ ልጄ፣ አላቋረጥኩም» ይሉታል። እውነታቸውን ነው። ሐኪሙ «እንደታዘዘው እየወሰዱ ነው» ብሎ ቢጽፍ ግን እርሳቸው ያላሉትን ጨመረ። በቀን ሦስት ጊዜ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ጾም ስለያዙ በኢፍጣርና በሱሑር ብቻ አድርገውት ሊሆን ይችላል። አላቋረጡም፤ እንደታዘዘውም አልወሰዱም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሰማ ሐኪም አንድ ጥያቄ ይጨምራል፤ ያልሰማው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ሊጨምርባቸው ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አደጋ የንባብ ስሕተት ውጤት ነው።

በሐረር ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ወደ ሆስፒታሎቻችን የሚመጣው ሕመምተኛ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ፣ አርጎብኛ ወይም አማርኛ ተናጋሪ ነው። አማርኛ ተናጋሪው «ሆዴን» ሲል ቁርጠት ሊሆን ይችላል፤ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ሲል ግን የሚናገረው ስለ ጭንቀቱ ነው። «ሆድ ባሰኝ» የሚለውም አንጀቱ ሳይሆን ስሜቱ የተጎዳ ሰው ነው። ቃሉን ብቻ ሰምቶ ወደ መድኃኒት ማዘዣው የሚቸኩል ሐኪም በሽታውን ያጣዋል። ልጆቻችን በዚህች ከተማ ከሁለትና ከሦስት ቋንቋ ጋር ማደጋቸው ለዚህ ሥራ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ቃላት ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገሩ እንደሚለወጡ ከሕፃንነታቸው ጀምረው ያውቃሉና።

የቀደሙት የኢስላም ዓለም ሐኪሞችም በዚህ የተመሰገኑ ነበሩ። አቡበክር አር-ራዚ ፈንጣጣንና ኩፍኝን በመጽሐፍ ለያይቶ ያስረዳው ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮችን ሳያደባልቅ ምልክቶቻቸውን በማንበቡ ነው። ኢብን ሲና በሕክምና ብቻ ሳይሆን በመንጢቅም ሰፊ ሥራ የጻፈ ሊቅ ነበር። ሐኪሞችን መፈተንም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም። በ319 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ931፣ በባግዳድ አንድ ሰው በሐኪም ስሕተት ሞተ። ኸሊፋው አል-ሙቅተዲር ይህን ሲሰማ በሲናን ኢብን ሣቢት ተፈትኖ ያለፈ ካልሆነ በቀር ማንም እንዳያክም አዘዘ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ለፈተና የቀረቡት ከ860 በላይ ነበሩ። ፈተናው የተጀመረው ሰው ስለሞተ መሆኑን ልጆቻችን ቢያውቁ መልካም ነው። ፈተናን እንደ መሰናክል ብቻ የሚያይ ተማሪ መሻገሪያውን ብቻ ይፈልጋልና።

እንግዲህ ዝግጅቱ እንዴት ይሁን? ከእህቴ ልጅ ጋር ያደረግነውንና የጠቀማትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ በየቀኑ አንድ አጭር ምንባብ ማንበብ፣ ግን ሳያቋርጡ። በሳምንት አንድ ቀን አምስት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይሻላል። ቁርኣንን ያሐፈዘ ቤተሰብ ይህን ይረዳል፤ የትናንቱን ሳይከልስ ወደፊት የሄደ ልጅ ሒፍዙ እንደማይጸናለት ያውቃልና።

ሁለተኛ፣ ከምንባቡ በኋላ ወረቀትን ለሦስት ከፍሎ «ያለው»፣ «ካለው የሚከተለው» እና «ያላለው» ብሎ መጻፍ። መጀመሪያ በሚያስቡበት ቋንቋ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ይሁን። ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ማመዛዘኑ የሚለመደው በቤት ቋንቋ ነው።

ሦስተኛ፣ «ሁሉም»፣ «አብዛኞቹ»፣ «አንዳንዶቹ»፣ «ብቻ»፣ «ፈጽሞ» የሚሉትን ቃላት ሲያገኙ ቆም ማለት። «አንዳንዶቹ» ያለውን «ሁሉም» አድርጎ ማንበብ ትንሽ ስሕተት ይመስላል፤ በፈተናው ግን ብዙ ነጥብ የሚሄደው በዚህ ነው።

አራተኛ፣ በቃላት ዝምድና ጥያቄ ላይ ምርጫዎቹን ከማየት በፊት ዝምድናውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር። «መርፌ ልብስ ሰፊ የሚሠራበት መሣሪያ ነው» ከተባለ በኋላ ይኸው ዓረፍተ ነገር ለየትኛው ጥንድ እንደሚገጥም ማየት ቀላል ነው።

አምስተኛ፣ የተሳተን ጥያቄ በደብተር መመዝገብ። መልሱን ሳይሆን የሳቱበትን ምክንያት። «ከራሴ ጨመርኩ»፣ «ቸኮልኩ»፣ «ቃሉን አላወቅሁትም»። የእህቴ ልጅ ደብተር በመጀመሪያው ወር «ከራሴ ጨመርኩ» በሚለው የተሞላ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ በዚህ ክፍል የምትስተው በግማሽ ቀነሰ። ሰዓት ይዛ መሥራት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ሳይገባ መፍጠን ስሕተትን ማፋጠን ነውና፣ ፍጥነት መጨረሻ ይምጣ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አንዱ የተሰረቀ ፈተና ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በመገኘቱ ብሔራዊው ፈተና ተሰርዞ በድጋሚ መሰጠቱን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ያለ አግባብ ወጥቶ የሚሸጥ ፈተና ሲገኝ «ልጄ ከሰው አይቀር» ብሎ ገንዘብ የሚያወጣ ወላጅ ይኖር ይሆናል። ወላጅ ሆይ! ልጅህ ነገ ማዘዣ ወረቀት ላይ የሚፈርም ሰው ነው። ያላነበበውን እንዳነበበ፣ የማያውቀውን እንዳወቀ አድርጎ መቅረብን ዛሬ ከከፈልክለት፣ ነገ በሕመምተኛ ፊት ሌላ ሰው እንዲሆን በምን ትጠብቃለህ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያታለለ ሰው ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑን የተናገሩት በገበያ እህል ላይ ነበር። የሰው ሕይወት ከእህል ይበልጣል።

ሌላው የፈተና ሰሞን ጫት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ማጥናትን ብዙ ወጣቶች ከጫት ጋር አያይዘውታል። ጫት ዓይንን ከእንቅልፍ ሊከለክል ይችላል። ይህ የፈተና ክፍል የሚፈልገው ግን መንቃትን ብቻ አይደለም፤ የሰከነ አእምሮ ይፈልጋል። እንቅልፍ ያጣ ልጅ «አንዳንዶቹ» የሚለውን «ሁሉም» ብሎ ያነባል። ከኢሻ በኋላ ተኝቶ ለሱብሒ ተነስቶ፣ ከሶላት በኋላ ባለው ጸጥታ አንድ ምንባብ መሥራት የተሻለ ነው፤ በረካም አለው።

ለቤተሰብ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ፤ ይኸውም ስለ ሴት ልጆቻችን ነው። እናቶቻችንና እህቶቻችን ሲታመሙ ሴት ሐኪም ብትገኝላቸው ይመርጣሉ። ሴት ሐኪም ከየት ትምጣ? ከየቤታችን ነው የምትመጣው። ወንድሟ ደብተሩን ይዞ ሲወጣ እርሷ ከምድጃ ወደ ልብስ ማጠቢያ፣ ከዚያም ወደ እንግዳ ማስተናገድ የምትመላለስ ከሆነ፣ ጸጥታ የሚፈልገውን ይህን ክፍል መቼ ትሥራው? ኬሚስትሪን በመካከል እየተነሱ ማጥናት ይቻል ይሆናል። ምንባብ ግን በተቋረጠ ቁጥር ከመጀመሪያው ይጀመራል። በቀን ውስጥ ማንም የማይጠራት አንድ ሰዓት ለሴት ልጃችን እንስጣት። በፈተና ዋዜማ ዱዓ እናስደርግላታለን፤ ሰደቃም እናወጣለን። መልካም ነው። ያቺ አንዲት ሰዓት ግን ከዱዓው ጋር አብራ የምትሄድ ሰበብ ናት።

አፎቻዎቻችንም ሊያግዙ ይችላሉ። ለሰርግና ለሐዘን የሚሰበሰብ አፎቻ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ተማሪዎች ሰብስቦ አንድ ምንባብ እንዲወያዩ ቢያደርግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ክፍያ የሚጠይቀውን ቲቶሪያል የማይችል ቤተሰብ ልጅም ከጓደኞቹ እኩል ይማራል። ኪታብ የቀሩ አባቶች ቢገኙበት ደግሞ እንዴት ባማረ! መንጡቅና መፍሁምን የሚያውቅ አዛውንትና ባዮሎጂ የሚያውቅ ወጣት በአንድ ነደባ ላይ ቢቀመጡ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ሐረር በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት የሚገለበጡባትና የሚደጎሱባት ከተማ ነበረች። ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬ በሸሪፍ ሙዚየም ተጠብቀው ይታያሉ። ያን ጊዜ የሚገለብጠው ሰው አንድ ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዲጽፍ ይጠበቅበት ነበር። ልጆቻችንን ወስደን ስናሳያቸው የጽሑፉንና የቆዳውን ውበት ብቻ ሳይሆን ይህንንም እንንገራቸው።

ዛሬ ማታ ከመግሪብ በኋላ ልጃችሁን ወይም የልጅ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ከመማሪያ መጽሐፏ አንዲት አንቀጽ ታንብብላችሁ። ከዚያም ምን እንዳለ ጠይቋት። ስትመልስ «ይህን ያለው የት ላይ ነው?» በሏት። እንግሊዝኛ ባታውቁም እርሷው ተርጉማ ትነግራችኋለች። ጥያቄውን መጠየቅ ዲግሪ አይፈልግም።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን የሰሙትን በአማና የሚያደርሱ፣ ያልሰሙትን የማይጨምሩ፣ ለሕመምተኛ ራሕመት የሆኑ ሐኪሞች ያድርግልን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።